የቀንድ ብዕሬና የዝቋላ ንቦች

በመጀመሪያ እኔ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ይህን ሳልናገር ወደ ጉዳዩ ብገባ አንባቢ የተራ ሰው ታሪክ መስሎት ሊያልፈኝ ይችላል። ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ቆሞ የነበረ ሰዓት ዳግመኛ መሄድ ከጀመረ የእኔ እጅ አለበት። ዝም ብሎ የከረመ ራዲዮ ካወራ፣ አልዘረጋም ያለ ጃንጥላ ከተዘረጋ፣ የተሰበረ መነጽር ተመልሶ አፍንጫ ላይ ከተቀመጠ ባለቤቱን ጠይቁት፤ ማን እንደጠገነለት ይነግራችኋል። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። አይ፣ አንድ ጊዜ ገብቻለሁ፤ የበሩን ማጠፊያ ልጠግን። ከዚያ ወዲህ በሩ ሲከፈት አይጮኽም፤ የሚጮኹት ተማሪዎቹ ናቸው።

ፊደል የለየሁት ከሳሙና መጠቅለያ፣ ከዱቄት ጆንያና ከመድኃኒት ወረቀት ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ሀሁን አጥርቼ ሳልጨርስ «ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ» የሚለውን በቃሌ እወጣው ነበር። ኽምጣና የእናቴ ቋንቋ ነው። ትግርኛን ገበያ አስተማረኝ። አማርኛን ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ነኝ ፈልጌ ያገኘሁት። ዛሬ ዛሬ ተምረው የመጡ ልጆች ሲናገሩ እሰማና ፈገግ እላለሁ። ለምን ፈገግ እንደምል አልነግራቸውም፤ ሰው ማሳፈር አልወድም።

ከሁሉ በላይ የምኮራው ግን በእጅ ጽሑፌ ነው። የእኔ «ሀ» ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ የምትለምን ሴት ትመስላለች። የእኔ «ጠ» እንደ በርጩማ መሬቱን ረግጣ ትቀመጣለች፤ ቢደክማችሁ ልታርፉባት ትችላላችሁ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በሱቅ እስክሪብቶ ሲጻፍ ያሳዝናል። እስክሪብቶ የሚባለው ነገር በበጋ ይተፋል፣ በክረምት ይደርቃል፤ ክዳኑ ደግሞ ከተገዛበት ቀን ወዲያ ታይቶ አይታወቅም። ስለዚህ የራሴን ብዕር ሠራሁ።

ለትንሣኤ ቅርጫ ከታረደው በሬ ላይ ሌላው ሥጋውን ሲሻማ እኔ ቀንዱን ያዝኩ። ቀቀልኩት፣ ፋቅኩት፣ በአመድና በአሸዋ አሸሁት፤ በመጨረሻ ፊቴን አየሁበት፤ ፊቴም ደስ ብሎት ነበር። የሚጽፈውን ምላስ ከሞተ የእጅ ሰዓት የጀርባ ክዳን ቀጥቅጬ አወጣሁና በቀጭን ሞረድ መሐሉን ሰነጠቅኩት። ምላሱን በቀንዱ ቀጭን ጫፍ በኩል አስገብቼ በሰም አጣበቅኩ። ሰፊውን አፍ በጥድ እንጨት ወትፌ እሱንም በሰም አሸግኩት። ቀንድ ከተፈጥሮው ቆልመም ያለ ነው፤ ስለዚህ ምላሱ ወረቀቱን ሲነካ የብዕሩ ቂጥ ወደ ጆሮዬ ይመጣል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የጻፍኩትን አብሮኝ የሚያዳምጥ ይመስለኛል። ኪስ አይገባም። በጠፍር አስሬ በትከሻዬ አነግተዋለሁ። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየው «ስንት ሰው ያጠጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። 

የቀረኝ ቀለሙ ነበር። ከሱቅ የተገዛ ቀለም እንዲህ ያለ ብዕር ውስጥ መጨመር በሬውን መስደብ ነው። ስለዚህ የደብራችን ሰው ወደሆኑት፣ ብራና ላይ ወደሚጽፉት መሪጌታ ሄድኩ። ቀለማቸውን ከጥቀርሻና ከተቆላ እህል ራሳቸው ናቸው የሚያዘጋጁት። ብዕሬን ተቀብለው አገላበጡት፣ አሸተቱት፣ መለሱልኝ።

«ይህ ቀለም ለመቃ ብዕር ነው» አሉኝ። «ይነከራል፣ ይጻፋል፤ ይነከራል፣ ይጻፋል። የእርስዎ ብዕር ግን ሆድ አለው። ሆድ ውስጥ ገብቶ ከተኛ ይረጋል።»

«መሪጌታ፣ የእኔ ብዕር ሆድ ብቻ ሳይሆን ልብም አለው።»

«እንግዲያስ እግዚአብሔር ይርዳው» አሉና ቀዱልኝ።

ቤት ወስጄ ሳየው ቀለሙ ደብዘዝ ያለ መሰለኝ። ለብራና ሊበቃ ይችላል፤ የእኔ ፊደል ግን ማብራት አለበት። ስለዚህ ማር ጨመርኩበት፤ የራሳችንን የሰቆጣን ነጭ ማር። በማንኪያ ጀምሬ ነበር፤ ማሩ ሲወርድ ማየቱ ደስ ስላለኝ ዕቃውን ዘቀዘቅኩት። ይህን የቀለም አሠራር ከእኔ በፊት ያሰበ የለም። ከእኔ በኋላም እስካሁን የሞከረ አልሰማሁም።

በዚሁ ሰሞን የእህቴ ልጅ አስካለ ከሰቆጣ ወዲያ ካለው ቆላ፣ ከእኛዋ ዝቋላ ደወለችልኝ።

እህቴ ያገባችው ከጽጽቃ ወዲያ ቆላ ወዳለ መንደር ነው፤ ባሏ ወልዱ ይባላል። አስካለ ለጎረቤታቸው ለካሱ ልጅ ለደሳለ ታጭታለች። ልጆቹ ይዋደዳሉ፤ ቀኑ ተቆርጧል፤ ጠላው ተጠምቋል። ከዓመት በፊት ግን በሁለቱ አባቶች መሐል ንብ ገብቷል። ከካሱ ቀፎ የተነሣ መንጋ በአጥር ተሻግሮ፣ ወልዱ ግራሩ ላይ ሰቅሎት የነበረ ባዶ ቀፎ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ካሱ «ንቡ የእኔ ነው፤ አቧራ እየበተንኩ እስከ ደጅህ ተከትየዋለሁ» አለ። ወልዱ «ቀፎው የእኔ ነው፤ ንቡ ራሱ መርጦ ነው የመጣ፤ አንተን ቢወድ ኖሮ መች ይሄድ ነበር?» አለ። ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት ነገሩን ያከረረችው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ እንኳ አንዱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ በር ሆነ።

«አሁን ሽማግሌዎቹ አስታርቀዋቸዋል» አለች አስካለ በስልክ። «የዘንድሮውን ማር እኩል ይካፈላሉ፣ የሚቀጥለው መንጋ ለጋሽ ካሱ ይሆናል ተብሏል። ጋሽ ካሱ ግን ‹በወረቀት ሳይሰፍርና ጣት ሳይቀመጥበት ልጄ የወልዱን ደጅ አይረግጥም› ብለዋል። እርስዎ መጥተው ይጻፉልን፤ ሁለቱም በእርስዎ ተስማምተዋል።»

«በእጅ ጽሑፌ ነዋ!»

«እ… እሱም አለ። ስለ ንብ ምንም ስለማያውቁ አያዳሉም ብለው ነው።»

ይህን እንዳልሰማሁ አለፍኩት።

«አጎቴ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «ጋሽ ካሱ ዛሬ ያሉትን ነገ ላይሉት ይችላሉ። እባክዎ ነገር ሳይበዛ ጽፈው ይጨርሱልኝ። እኔና ደሳለ ሌላ የምንለምነው የለንም።»

«ልጄ፣ እኔ ነገር ሳበዛ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ስልኩ ዝም አለ። በዝቋላ ኔትዎርክ ያስቸግራል።

ብዕሬን እስከ አፉ ሞልቼ በማለዳ ተነሣሁ። እስከ ጽጽቃ በመኪና ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ነው። ዝቋላ ሙቀቱ እንደ ሰቆጣ አይደለም፤ ድንጋዩ ራሱ ጥላ ይፈልጋል። ሰሙ ላብ ላብ ማለት ጀመረ፤ ማር ማር የሚል ሽታ አብሮኝ ይሄዳል። ደስ የሚል ሽታ ነበር። አንዲት ንብ ትከሻዬ አጠገብ እየዞረች ብዙ መንገድ ሸኘችኝ። ብዕሬን ያደነቀች መሰለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ቀንድ የያዘ ሰው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ ይነፋል፤ አገር ሰምቶ ለለቅሶ ይወጣል። መርዶ ደግሞ በድንገት አይነገርም፤ ይሸሸጋል፣ ይዞራል፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይቆያል። ይህን አውቃለሁ። የማላውቀው ነገር ብዙ አይደለም። ነገር ግን በትከሻዬ ያለው ብዕር መሆኑ ለእኔ ግልጽ ስለነበር ለሌላውም ግልጽ መሰለኝ።

በመጀመሪያው መንደር አንዲት ሴት ከደጇ ቆማ አየችኝ።

«አባቴ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ይህ ብዕር ነው።»

ቀንዱን አየችው። እኔን አየችኝ። ቀስ ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

«ማንም አልሞተም አሉኝ» አለቻት ለጎረቤቷ።

«ወይኔ!» አለች ጎረቤቷ። «እንዲህ ከሸሸጉንማ የቅርብ ሰው ነው።»

እኔ መንገዴን ቀጠልኩ። ትንሽ ሄድ ብዬ ዞር ስል ከኋላዬ የሚከተሉኝ ሴቶች አየሁ። በሚቀጥለው መንደር ወንዶችም ተጨመሩ። ዱላቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፍተው ዝም ብለው ይከተላሉ። አንዱ ሽማግሌ ቀረብ ብሎ «ለእኛ ቢነግሩን ምን አለ?» ሲለኝ «በቦታው ስንደርስ ሁላችሁም ታያላችሁ» አልኩት። እንባው መጣ። የጽሑፍ ፍቅር ቆላ ድረስ እንዲህ መዝለቁን በማየቴ የእኔም ልብ ተነካ።

እህቴ ቤት ስደርስ ሽማግሌዎቹ ከግራሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ተከታዮቼ ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ተካ ናቸው፤ ጢማቸው ነጭ፣ ጋቢያቸው ከጢማቸው የነጣ። ወልዱና ካሱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ግን አንዱ ወደ ተራራው፣ ሌላው ወደ በረቱ ነው የሚያየው። ከራሳቸው በላይ የተጣሉበት ቀፎ ተሰቅሏል። አስካለ ጠላ እያቀረበች ወደ እኔ ጎንበስ አለች። በጆሮዬ «እስክሪብቶ ይዘዋል አይደል?» አለችኝ።

ቀንዱን ከትከሻዬ አውርጄ አሳየኋት። ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች፤ ምን እንዳለች አልሰማሁም።

ገበታ ገልብጠው ሰጡኝ፤ ወረቀቱን ዘረጋሁ። ብዕሩን ሳነሣ ሽማግሌዎቹ ትንሽ ወደ ኋላ አሉ፤ ከአክብሮት ነው። «በዛሬው ዕለት» ብዬ ልጀምር «በ»ን ጻፍኩ። ወገኖቼ! ያቺን «በ» ብታዩ! ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ተቀባች ሙሽራ የምታበራ። አያ ተካ «እሰይ!» አሉ። ካሱ ሳይቀር ወደ ወረቀቱ ዞረ።

ከዚያ በኋላ ብዕሩ ዝም አለ።

ነቀነቅኩት። በጉልበቴ አንኳኳሁት። ምላሱን በጣቴ አሸሁት፤ ጣቴ ጠቆረ። በጨርቅ ጠረግኩት፤ ጨርቁ ጠቆረ። ወረቀቱ ብቻ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«ወንድሜ» አሉኝ አያ ተካ፣ «መንገድ ደክሞት ይሆናል፤ ትንሽ ይረፍ።»

«ብዕር አይደክምም፤ ሐሳብ እየሰበሰበ ነው» አልኳቸው።

ካሱ ትዕግሥቱ አለቀ። «‹በ› ብሎ የቀረ ውል ሰምቼ አላውቅም! ወልዱ፣ ይህ የእናንተ ዘዴ ነው። እስኪመሽ አቆይታችሁ ሳልፈርም ልትሰዱኝ ነው።»

«ዘዴ? እኔ ነኝ ቀንድ ያሸከምኩት?»

«የሚስትህ ወንድም አይደለም?»

«የሚስቴ ወንድም መሆኑን ሳታውቅ ነው ይጻፍ ያልከው?»

አስካለ ከቤቱ መድረክ ላይ ቆማ ነበር። አየችኝ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ዓይን አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ያየችኝን ዓይን ግን ድጋሚ ማየት አልፈልግም። ስለዚህ ቆራጥ እርምጃ ወሰድኩ። ውታፉን ነቀልኩ፤ በሙቀቱ ሰሙ ላልቶ ስለነበር አላስቸገረኝም። ቀለሙ ውስጡ ተቋጥሯል። ሰፊውን አፍ ከንፈሬ ላይ አድርጌ ሳንባዬ የያዘውን ሁሉ ነፋሁ።

በመጀመሪያ ምንም አልሆነም። ሁለተኛውን ትንፋሽ ጨመርኩ። ምላሱ ከሰሙ ጋር ተነቅሎ በአያ ተካ ጆሮ አጠገብ አለፈ። ቀለሙ ተከተለው። ከቀለሙ ኋላ ደግሞ ድምፁ መጣ፤ ረጅም፣ ወፍራም፣ ከተራራ ተራራ የሚመላለስ ድምፅ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ድምፁ ደስ አለኝ። በብዕርነቱ ላይ ይህ ተጨማሪ ችሎታ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ከአጥሩ ውጭ የነበረው ሕዝብ ግን ይህን ሲጠብቅ ኖሯል። «ወይኔ! ወይኔ!» እያለ በሩን ገፍቶ ገባ። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፣ ወንዶቹ ዱላቸውን ተደግፈው ይንሰቀሰቃሉ። ፊት የመጣችው ሴት አያ ተካ ፊት ስትደርስ ቆመች። ጢማቸው ጥቁር፣ ጋቢያቸው ጥቁር ነው፤ ከአፍንጫቸው ጫፍ ቀለም ይንጠባጠባል።

«አያ ተካ! ማነው የሞተብዎ?»

አያ ተካ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እኔ ነኝ መሰለኝ» አሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ አስረድቼ እመልሰው ነበር። ማስረዳት ጀምሬም ነበር። ግን ወቅቱ በጋ ነው፤ በዝቋላ በበጋ አበባ የለም፤ ንብ ይርበዋል። ከላይ ቀፎ አለ፤ ከታች ደግሞ ማር የተቀቡ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። መጀመሪያ አንዲት ንብ አያ ተካ ጢም ላይ አረፈች። እሳቸው መቷት። ንብ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ ግን ፊቱ ላይ ማርና ጥቀርሻ የተረጨበት ሰው ዕውቀቱን በምን ያስታውሰዋል? ቀፎው እንደሚፈላ ድስት ጮኸ፤ ከዚያ ሁሉም ወጡ።

ለቅሶው ቆመ። የመጣው ሕዝብ በመጣበት በር ተመለሰና አጥሩን ተከልሎ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ፍየሎቹ በረት ሮጡ። እኔ አልሮጥኩም፤ ቦታ ልይዝላቸው ቀድሜ ገባሁ። ካሱና ወልዱ የመጡት አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበው ነው፤ ጋቢው የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

በረቱ ጠባብ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ፍየሎቹ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ፍየሎቹ እንደ ሽማግሌ ዝም ብለው አዩን። አያ ተካ ታችኛው ከንፈራቸው ተነድፎ አብጦ ነበር። የሰው በሬ ሰው ቢወጋ ባለቤቱ ይጠየቃል፤ ይህ በአገሩ የቆየ ሕግ ነው። በዚያ ባበጠ ከንፈራቸው ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ለመሆኑ… ይህ ንብ የማነው?»

 ፍየሏ እንኳ ማመንዠኳን አቆመች።

«የወልዱ ነው» አለ ካሱ።

«የማን?» አለ ወልዱ።

«ያንተ! ከማን ቀፎ ነው የወጣ? ዓይኔ እያየ ካንተ ቀፎ!»

«ዘሩ የማነው? ከማን ቤት ነው ተነሥቶ የመጣ? አንተ አይደለህ አቧራ እየበተንክ እስከ ደጄ የተከተልከው?»

«ልመልሰው መስሎህ ነው? ስሸኘው ነው!»

«ታዲያ ስትሸኘው ለምን ወደ እኔ ቤት?»

«አንተ ለምን ቀፎ ሰቅለህ ጠበቅኸው?»

«ለጌጥ ነው የሰቀልኩት!»

ዓመቱን ሙሉ «የእኔ ነው» ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አሁን አንዱ በሌላው ላይ ሊጭነው ሲል ድምፃቸው ከበፊቱ ባሰ። ፍየሎቹ ይገፉን ጀመር። በመጨረሻ ካሱ በረቱ የፈቀደለትን ያህል ቀና ብሎ ቆመ።

«በቃ! ውሉ ቀርቷል። ተናዳፊ መንጋ ተሸክሜ የምዛመድበት ምክንያት የለም። ሠርጉም ቀርቷል!»

  ውጭ የኩበት ጢስ ይሸታል።

በረቱ በር ላይ አስካለ ቆማ ነበር። እኛ ስንሸሽ እሷ ኩበት በገል ላይ አጭሳ፣ ነጠላዋን ተሸፋፍና፣ ንቡን ቀስ በቀስ ወደ ቀፎው ስትመልስ ቆይታለች። እጇና ጉንጯ ተነድፏል። አላለቀሰችም። ገሉን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አባዬ» አለች፣ «ንቡ የእርስዎ አይደለም?»

«አይደለም!»

«ጋሽ ካሱ፣ የእርስዎም አይደለም?»

«በጭራሽ! በቆምኩበት!»

«አያ ተካ ሰምተዋል። እነዚያም ሰምተዋል» አለች በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ወደቆመው ለቀስተኛ እያመለከተች። «ባለቤት የሌለው መንጋ የማነው?»

አያ ተካ ከንፈራቸውን ይዘው አሰቡ። «ይዞ ቀፎ ላስገባው ነው።»

«አሁን ማን አስገባው?»

አያ ተካ ሊስቁ ፈለጉ፤ ከንፈራቸው አልፈቀደላቸውም። «አንቺ።»

«እንግዲያስ የእኔ ነው። ጋሽ ካሱ ግቢ ይዤው እገባለሁ፤ ከደሳለ ጋር እናረባዋለን። የተነደፋችሁትንም እኔ ነኝ የምክሳችሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።» ዝቅ ብላ የአያ ተካን ጉልበት ሳመች።

ካሱና ወልዱ ተያዩ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሰላችሁ! አንድ ቀፎ ሙሉ ማር ከሁለቱም እጅ ሲወጣ እኩል ነው የታያቸው። ካሱ «ቆይ እስቲ…» ሲል ወልዱ ክንዱን ያዘው።

«‹በቆምኩበት› ብለሃል።»

«አንተም ‹አይደለም› ብለሃል።»

«ብያለሁ።»

ካሱ አስካለን ከእግር እስከ ራሷ አያት። «ይህችን ልጅ ነው ቤቴ የማስገባት?» አለ።

«ሐሳብህን የቀየርክ እንደሆን ንገረኝ» አለ ወልዱ። «እኔ ከእሷ ጋር ስንት ዘመን ኖሬያለሁ፤ አሁን ተራው ያንተ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ካሱ ነው።

«እንግዲህ ይጻፍ!» አሉ አያ ተካ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ብዕሬ ግቢው መሐል አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ወድቋል፤ ንቦች ይገቡበታል፣ ይወጡበታል።

«እስክሪብቶ ያለው አለ?» አለች አስካለ።

አሁን የምነግራችሁን ራሴ ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር። ሽማግሌዎቹ በሙሉ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ጥቁር፤ አያ ተካማ ሁለት ነበራቸው።

«ታዲያ እስካሁን ለምን አላወጣችሁትም?» አልኩ።

«እንዴት ብለን ወንድሜ?» አሉኝ አያ ተካ። «እርስዎን የሚያህል ሰው ያንን የሚያህል ዕቃ ከሰቆጣ ድረስ ተሸክሞ መጥቶ፣ እንዴት እናሳፍርዎ?»

አስካለ ወረቀቱን ተቀብላ እዚያው በረት ውስጥ፣ ፍየል ጀርባ ላይ ገበታ አስደግፋ ጻፈችው። እኔ ከጎኗ ሆኜ እያንዳንዱን ቃል ነገርኳት፤ አብዛኛውን ከጻፈችው በኋላ ቢሆንም። ጣት ማስቀመጥ ላይ ስንደርስ የጣት ቀለም የሚፈልግ አልተገኘም፤ የሁሉም እጅ እስከ አንጓው ጥቁር ነበር።

ለለቅሶ የመጣው ሕዝብም ባዶውን አልተመለሰም። የሞተ እንደሌለ ሲረጋገጥ ትንሽ ቅር አለው፤ በኋላ ግን ጠላ ቀረበለት፤ ነጠላውን አቃንቶ እልል ብሎ ሄደ።

ሰቆጣ ስመለስ አንዳንድ ሰው ነገሩን አጣሞ እንደሚያወራ ሰማሁ። ስለዚህ ያን ቀን በዝቋላ ያከናወንኩትን እዚህ ላይ አሰፍራለሁ፤ የሚከራከር ካለ ሱቄ ክፍት ነው።

አንደኛ፣ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች ንቡ የእነሱ እንዳልሆነ በአንድ ቃል እንዲስማሙ አድርጌያለሁ።

ሁለተኛ፣ በዚያ አገር ውል ያንን ያህል ምስክር ቆሞለት አያውቅም። ሁሉንም ከየመንደሩ የሰበሰብኳቸው እኔ ነኝ፤ ያውም በእግሬ።

ሦስተኛ፣ በውሉ ላይ ያለው የጣት አሻራ በሙሉ የእኔ ቀለም ነው። አይለቅም። አያ ተካ ለሠርጉ ሲመጡ ጢማቸው ገና ግማሹ ጥቁር ስለነበር ሰው ሁሉ በዕድሜ ወደ ኋላ የተመለሱ መሰለው። አላመሰገኑኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

የውሉን የመጀመሪያ ፊደል እኔ ጽፌያለሁ። ከሁሉም ትልቋ እሷ ናት።

የመርዶ ቀንድ መሥራትም ችያለሁ። የመንደሩ ሰዎች «ድምፁ ጥሩ ነው፤ የቀድሞው ተሰንጥቆብን ነበር» ብለው ለመኑኝና ትቼላቸው መጣሁ። ምላሱን ግን አልሰጠሁም፤ ፈልጌም አላገኘሁት።

ሠርጉም ሆነ፤ በቀኑ፣ በወጉ። ግራ ዓይኔ አብጦ ስለነበር በቀኙ እያየሁ ጨፈርኩ። ሙሽራዋ ልትሰናበተኝ መጥታ ጉልበቴን ስማ በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ፦ «አጎቴ፣ እርስዎ ባይመጡ ኖሮ ሠርጌ ሊፈርስ ባልደረሰ፤ እርስዎ ባይመጡ ኖሮ ደግሞ ንብ ይዤ ባልገባሁ።» ከበሮው በጣም ይጮኽ ስለነበር የመጀመሪያውን ግማሽ አልሰማሁትም።